የዘርዐ ክህነቱ ማዕድ በቅርያት መላኺ

ሰዎች አፋር ሴት ምስጢር ትጠብቃለች ብለው ያምናሉ። እንዳታምኑ። አፋር ሴት ምስጢር የምትጠብቀው ታማኝ ስለሆነች ሳይሆን ወሬውን ከየት እንደምትጀምር ስለማታውቅ ነው። ሌላው ሰው ሰላምታው ሳያልቅ የሆዱን ዘርግፎ ያርፋል፤ እኔ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ካልኩ በኋላ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ሳስብ የሰውየው አውቶቡስ ይመጣና ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ምስጢር ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜ ኖርኩ። ዛሬ ጽፌ የማወጣውም ደፋር ሆኜ አይደለም። ወረቀት ዐይን ዐይኔን ስለማያየኝ ነው።

ወደ ምስጢሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ልማድ «የአባቶቻችን» ለመባል ዕድሜው ስንት መሆን አለበት? መቶ ዓመት? ሦስት ትውልድ? ወይስ አንድ የተከበረ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ «የአባቶቻችን ነው» ካለ ይበቃል? ጥያቄው ቀልድ ከመሰላችሁ ከጎንደር መጥታችሁ እዚህ እስራኤል አገር አልኖራችሁም ማለት ነው። እኛ ከአውሮፕላን ከወረድንበት ቀን ጀምሮ ስለ ልማዳችን እንደተጠየቅን ነን። እንዴት ታገባላችሁ፣ እንዴት ትቀብራላችሁ፣ እንዴት ትጾማላችሁ፣ እንዴት ትበላላችሁ። ዕብራይስጥ በምንማርበት በኡልፓን አስተማሪዋ ትጠይቃለች፤ በጤና ጣቢያ ነርሷ ትጠይቃለች፤ ከዩኒቨርሲቲ መቅረፀ ድምፅ ይዛ የመጣች ሴት ደግሞ ሶፋው ላይ ተመቻችታ ትጠይቃለች። ሰው በቀን አሥር ጊዜ ሲጠየቅ በአሥረኛው ላይ ትንሽ ነገር ይጨምራል። እናንተም ብትሆኑ ትጨምሩ ነበር። እኔ የጨመርኩት ግን ትንሽ አልነበረም። ሦስት ከተማ አዳረሰ።

ቤታችን ቅርያት መላኺ ውስጥ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ ከከተማው አጠገብ፣ ቤኤር ቱቪያ ባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። እናቴ የትምህርት ቤት ወለል ታጥባለች። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ። ከጎረቤቶቻችን የምንለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። በእኛ ቤት ምግብ ሲቀርብ ማንም አያወራም። ከልጆች አንዱ ተራው ሲደርስ ከጠረጴዛው ራስጌ ይቆምና ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው እየሰማ ይበላል። ያነበበው ልጅ ሁሉም ከበላ በኋላ ይቀርብለታል፤ የሚቀርብለትም ከድስቱ መልካም መልካሙ ነው። ጨው ወይም ውሃ የፈለገ ሰው አፉን አይከፍትም። ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳና በአገጩ ይጠቁማል።

በመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ ስላልነበረን የፖስታ ሳጥኑ ያመጣልንን ሁሉ አነበብን። ነገ ጠዋት ውሃ ይቋረጣል የሚል የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ በምስር ወጥ በልተናል። ታናሽ ወንድሜ የልብስ ማጠቢያ መኪናውን መመሪያ ሦስት እራት ሙሉ ስላነበበልን፣ እናቴ በዕብራይስጥ ዳቦ መግዛት ሳትችል የሱፍ ልብስ በስንት ሙቀት እንደሚታጠብ ግን በቃሏ ትወጣው ነበር። አባዬ መመሪያውንም የሚሰማው ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው። አንባቢው ሲቸኩል እጁን ብድግ ያደርጋል። ነጥብ ላይ ያላረፈ ልጅ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግማል።

ከየት አመጣው ብለን አልጠየቅንም። ልጅ የቤቱ ልማድ የዓለም ሁሉ ልማድ ይመስለዋል።

የጠየቅኩት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከደረጃው ወድቄ ክንዴ ስላበጠ አባዬ ወደ ሐኪም ወሰደኝ። በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ የሰው አፅም ሥዕል ተሰቅሏል፤ በየአጥንቱ ጎን በፈረንጅ ፊደል ስም ተጽፎበታል። አባዬ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዕብራይስጡ «ቤሰደር»፣ እሺ ማለት ነው፣ ከማለት የማያልፈው አባቴ፣ ያን ባዕድ ፊደል ሳይደናቀፍ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ወረደው።

«ኮስታ» አለኝ፣ ጎኑን እየነካ። «የጎን አጥንት ናት። ሔዋን የተሠራችባት። ላቲን ነው።»

ሐኪሙ ከሩሲያ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ለካ በሩን ከፍቶ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። የት እንደተማረ ጠየቀው፤ እኔ አስተረጎምኩ። አባዬ ጫማውን እያየ «ትምህርት ቤት» አለ። ሐኪሙ እኔንና ክንዴን ረስቶ መጀመሪያ የአባዬን እጅ ጨበጠ።

ከዚያ ወጥተን አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሁለት አውቶቡስ አለፈን፤ አልተነሣንም። የነገረኝ ይህ ነው።

አባዬ ሰባት ዓመት የተማረው ዘርዐ ክህነት ነው። ዘርዐ ክህነት ማለት ልጅ ሆነው ገብተው ቄስ ሆነው የሚወጡበት የካቶሊኮች ትምህርት ቤት ነው። አዎ፣ የካቶሊኮች። እጃችሁን ከአፋችሁ ላይ አንሡ፤ እኔም እንደ እናንተ ደንግጬ ነበር።

እንዴት እንደገባ ላስረዳ። የአባዬ አያት ቤተ እስራኤል ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭ። መሬት እሰጥሃለሁ ተብሎ ክርስትና ተነሣ። ክርስትናውን አገኘ፤ መሬቱን አላገኘም። ጎረቤቱም «ቡዳ» ማለቱን አልተወም። የአባዬ አባትም ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጁ ፊደል እንዲቆጥር ፈልጎ ያልረገጠው ደጅ የለም፤ የቀጥቃጭ ልጅ ከልጆቹ ጋር የሚያስቀምጥለት አስተማሪ ግን አጣ። በመጨረሻ ሁለት ቀን በእግር ሄዶ ኮረብታ ላይ ካለው ከካቶሊኮቹ በር ደረሰ። በሩን የከፈቱለት የትምህርት ቤቱ አለቃ አባ ተክሌ ነበሩ። አያቴ የማን ዘር እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። አባ ተክሌ ሰምተው ሲያበቁ «ልጁ ብረት መቀጥቀጥ ይችላል?» ብለው ጠየቁ።

«ይችላል።»

«እንግዲያው ይግባ። የደወላችን ምላስ ከተሰበረ ወር ሆኖታል።»

የአባዬ የመግቢያ ፈተና ይህ ነበር። አለፈ። ደወሉም ድምፁን መለሰ።

አባዬ ስለዚያ ትምህርት ቤት ሲያወራ ቁመቱ ይጨምራል። መጀመሪያ፣ አለኝ፣ ሁለት የውጭ አገር ካህናት ሦስት በቅሎ ይዘው መጡ፤ ከሦስቱ በቅሎዎች ሁለቱ የጫኑት መጽሐፍ ነበር። የሣር ጎጆ ቀልሰው አሥራ አንድ ልጆች ሰበሰቡ። ጎጆዋ ተቃጠለች፤ ሠሯት። ደግማ ተቃጠለች፤ ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከወንዝ ድንጋይ ተሸክመው አወጡና ግንብ ገነቡ። በጦርነት ዘመን ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ገና ወጣት ቄስ የነበሩት አባ ተክሌ አራት ተማሪ ይዘው ሾላ ሥር አስተማሩ፤ መጽሐፎቹን ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀብረው አተረፉ። ሰላም ሲሆን ግንቡ እንደገና ሞላ። ላቲን ከፈረንጁ አስተማሪ፣ ግዕዝ ከአባ ተክሌ፤ ሒሳብ ጠዋት፣ መጽሐፍ መጠረዝ ከሰዓት፣ ዛፍ መግረዝ ቅዳሜ። የገባው ሁሉ ቄስ አልሆነም። ክህነቱ ያልሆነላቸው መምህር፣ የቁስል ሐኪም፣ ጠራዥ፣ የአትክልት ሰው እየሆኑ በአገሩ ተበተኑ። «እኛን የምታውቂን» ይላል አባዬ «ስንጽፍ መስመር ባለማጣመማችን ነው።»

ከሁሉ በላይ ግን የምግብ አዳራሹን ይወዳል። አንድ ረጅም ገበታ ነው። የባላባት ልጅና የቀጥቃጭ ልጅ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ እጁን የሰበሰበ ተማሪ ያን ቀን ጾሙን ይውላል። አንዱ ቆሞ ያነባል፤ የቀረው ዝም ብሎ ይበላል። አባዬ አንድ ቀን ለምን ዝም እንደሚባል አባ ተክሌን ጠየቃቸው። «ወሬ ከተከፈተ ‹አባትህ ማን ነው› መባሉ አይቀርም» አሉት። «እየተነበበ ሳለ ግን ሁላችሁም ሰሚ ናችሁ፤ አለቀ።» አባዬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይሸሸው የበላው እዚያ ገበታ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ የሚንኳኳው ደግሞ አባ ተክሌ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው። አንድ ጊዜ ሲንኳኳ ያመልጣቸዋል።

በሰባተኛው ዓመት አብዮቱ መጣ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች፣ ግቢው ለእህል መጋዘን ተፈልጓል ብለው አዳራሹ ገቡ። የዕለቱ አንባቢ አባዬ ነበር። ድምፁ ተቋረጠ። አባ ተክሌ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ገጹን ጨርስ» አሉት። አነበበ። ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፤ አንደኛውማ ቆቡን አውልቆ ነበር። ገጹ ሲያልቅ አባ ተክሌ አመስግነው ተነሡ፤ ቁልፉን አስረከቡ፤ ተማሪዎቹም ትሪያቸውን አጥበው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ የለም። የመጨረሻውን ገጽ ያነበበው ግን አባቴ ነው።

ይህን ሲነግረኝ ካርቶን ደርዳሪው ሰውዬ ከአጠገቤ ጠፋብኝ። በቦታው አንድ ሊቅ ተቀምጦ ነበር፤ የሥራ ጫማ ያደረገ። ኩራት እንዴት ያለ ስሜት እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ክንድ እንኳ ያስረሳል።

ከዚያ አስማለኝ። ምክንያቱ አክስቴ እታገኝ ናት፣ የአባዬ ታላቅ እህት። እሷና ልጆቿ እንደ እኛ ወደ አባቶቻቸው እምነት ተመልሰው፣ ጎንደር ከተማ የጭቃ ቤት ተከራይተው የመምጫ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ያን ዘመን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰው አይጠበቅም፣ ፋይል ነው የሚጠበቀው። ፋይል ደግሞ ወሬ ይወዳል። «ወንድሟ የካቶሊክ ቄስ ሊሆን ሰባት ዓመት የተማረ ነው» የሚል አንድ መስመር ከገባበት፣ እታገኝ እዚያው ታረጃለች።

«እሷ ከአውሮፕላን እስክትወርድ» አለኝ አባዬ «ይህን እዚህ የምናውቀው እኔ፣ እናትሽና አንቺ ብቻ ነን። ሰብለ፣ ሰማሽ?»

ሰማሁ። ማልኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ሞራዬ መጣችብኝ።

ሞራ፣ አስተማሪያችን ናት። እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ስለ ዘር ማንዘሩ ይጽፋል፤ የቤተሰብ ታሪክ፣ የቤተሰብ ልማድ፣ ፎቶ ካለ ፎቶ። ከሩማኒያ የመጡት አያት ብር ማንኪያ ላኩ፤ ከሞሮኮ የመጡት የሠርግ ካባ ላኩ። የኔ ገጽ ባዶ ነበር። ስለ ሠርግ ወይም ስለ በዓል መጻፍ እችል ነበር፤ ሌሎቹ የጎንደር ልጆች እንደዚያ አደረጉ። እኔ ግን የማውቀው የሚያኮራ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በመሐላ ተቆልፏል። ሁለት ቀን ገጹን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ስለ ማዕዳችን ንባብ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ «ይህ ልማድ ከቤተ እስራኤል ቄሶች ለአባቶቻችን፣ ከአባቶቻችን ለእኛ የደረሰ ነው» ብዬ አሳረግኩ።

ምስጢሬ ይኸው። ተሳስቼ ነው እንዳልላችሁ፣ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ በአያቱ ሲኮራ የኔ አባት «ካርቶን ይደረድራል» ተብሎ እንዲታለፍ አልፈለግኩም። ትምህርት ቤቱን መጥራት አልችልም፤ ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ደግሞ መደበቅ አቃተኝ። ስለዚህ ባለቤቱን ቀየርኩ።

ሞራዬ አለቀሰች። ሥራዬ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ራሔል አየችው። ራሔል በማትናስ፣ በሕዝብ አዳራሹ ማለቴ ነው፣ የእኛን ሰዎች ጉዳይ የምታስተባብር፣ ጎንደር ተወልዳ እዚህ ያደገች ሮጥ ሮጥ የምትል ሴት ናት። «እስካሁን የት ተደብቆ ነበር ይሄ!» ብላ አባዛችውና ለቅርያት መላኺ ወላጆች አደለች። ቀጥሎ ለገደራ። ቀጥሎ ለያቭነ። ሰዎችም «እኛ ቤት እንኳ ቀርቶ ነበር፣ አያቴ ግን ሳታደርገው አትቀርም» እያሉ ጀመሩ። እውነታቸውን ነው የሚመስላቸው።

ደግሞ ሠራ! ይህን ሳልናገር ባልፍ አባ ተክሌን እበድላለሁ። ገደራ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ በየምሳው ከሚያነብላት ጋዜጣ ዕብራይስጥ ለምዳ፣ ሥራ ስትጠየቅ ያለ አስተርጓሚ መለሰች። ያቭነ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ቋንቋ የጠፋባቸው አባት፣ ልጁ በዕብራይስጥ ሲያነብ እሳቸው በማግሥቱ በአማርኛ እያነበቡ ተገናኙ። እኛ ሕንፃ ላይ ደግሞ ዘነቡና ባሏ ሲጣሉ እስከ ምድር ቤት የሚሰሙ ነበሩ፤ ልጃቸው የእግር ኳስ ዜና ሲያነብላቸው ጸጥ ብለው ስለበሉ፣ ጎረቤት ምን ደረሰባቸው ብሎ በራቸውን መታ።

እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የአክስቴን ፋይል አስባለሁ። አድጌ፣ ተምሬ፣ ያቭነ ጤና ጣቢያ በአስተርጓሚነት ስቀጠርም ማሰቡን አልተውኩም። አክስቴም ጎንደር እንዳለች ነበረች።

አንድ ቀን ራሔል ያቭነ ማትናስ ውስጥ ስለ ማዕድ ንባብ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ዝግጅት አሰናዳች። ከገደራ የቤተ እስራኤሉ ካህን ቄስ እንግዳው መጥተው ይባርካሉ። አባዬ ልማዱን ያስረዳል። እኔ አስተረጉማለሁ። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ፣ ራሔል በኩራት እንደነገረችኝ፣ ጎንደር ያሉትን ሰዎች ፋይል ከሚያየው ቢሮ የተጋበዙ ናቸው። «እድል ነው እኮ! አባትሽን ይወቁት!» አለችኝ።

አባዬ ልማዱ ከእኛ ቤት ታይቶ የተወሰደ ይመስለዋል፤ ስለ ንባብ ተናገር መባሉን እንጂ ሌላውን አያውቅም። በእነዚያ ዓመታት በእራት ሰዓት ስንት ገጽ አንብቤለታለሁ፤ ያን አንድ ገጽ ግን አላነበብኩለትም። ከቅርያት መላኺ እስከ ያቭነ በአውቶቡስ አጠገቡ ተቀምጬ አሁን ልንገረው፣ አሁን ልንገረው እያልኩ ደረስን።

የአዳራሹ መግቢያ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። አባዬ ዕብራይስጥ ማንበብ ከእኛ አፍ ለምዷል፤ ዝግ ቢልም ያነባል። ነጥብ ነጥቡ ላይ እያረፈ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከቄሶቻችን እንደወረደ አነበበ። ሁለት ጊዜ የሚንኳኳው የሙሴ ሁለቱ ጽላት መታሰቢያ እንደሆነም አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰብለ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ጽላቱንም?»

«ጽላቱን አይደለም፣ አባዬ። ጽላቱን ራሔል ናት የጨመረችው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እኔ ሰው ፊት ቆሜ አልዋሽም» አለ።

«እታገኝስ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ስሙ ተጠራ፤ ወደ መድረኩ ሄደ። ተከትዬው ወጣሁ።

አባዬ ማይክሮፎኑን ሳይነካ በአማርኛ እንዲህ አለ። «ይህን ልማድ ከአባቴ ቤት አላመጣሁትም። የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ያስተማሩኝ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን ዛሬ አልጠራም እንጂ በየቀኑ አመሰግናቸዋለሁ።»

አማርኛ የሚያውቀው ሕዝብ ትሕትና መስሎት ራሱን ነቀነቀ። የፊት ወንበሮቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ አፋሯ፣ ከሦስት ሰው በላይ ካለ ድምፄ የሚጠፋው፣ ማይክሮፎኑን ያዝኩና ጥርት ባለ ዕብራይስጥ «ይህን ልማድ የተማረው በአባቱ ቤት ነው» አልኩ። «ያስተማሩት ደጋግ አባቶቹ ናቸው፤ በየቀኑ ያመሰግናቸዋል።»

ተጨበጨበ። አባዬ መሬት መሬቱን አየ።

ቀጥለው ቄስ እንግዳው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወጡ። ዳቦውን ባረኩ። ስለ ልማዱ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩ ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ግን ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሥራሽ ማስተርጎም ነው፣ ማረም አይደለም» አሉኝ። ዕብራይስጥ አይሰሙም ያለኝ ማን ነበር?

ሕዝቡ ዳቦውን ሲቃመስ ቄሱ አባዬንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠሩን። አባዬን ከኋላዬ አድርጌ ወጣሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እዚህ ዘር የሚቆጠረው በእናት ስለሆነ፣ አክስቴ የእናቷን ዘር የሚያውቅ ምስክር አምጪ ተብላ፣ የምስክርነቱ ደብዳቤ ወደ እኚሁ ቄስ ከተላከ ሁለት ወር ሆኖታል። ገና አልፈረሙም።

«የትኛው ትምህርት ቤት ነው?» አሉ።

አባዬ አልሸሸም። ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከበቅሎዎቹ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ነገራቸው። ካቶሊክ የሚለውን ቃል ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እኔ የቄሱን ፊት አያለሁ። ቄሱ የአባዬን ጫማ ያያሉ። አዳራሹ ውስጥ ይሳቃል።

«ሰባት ዓመት ከገበታቸው በልተህ» አሉ በመጨረሻ «ምን አድርገህ ወጣህ?»

«ትሪዬን አጥቤ ወጣሁ፣ አባ።»

ቄሱ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሆዳቸው። ሳቁ ሲወጣ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ነበር። «ሃይማኖታቸውን መለስክላቸው፣ ሥርዓታቸውን ይዘህባቸው መጣህ! ከአንተ ጋር ገበያ መውጣት አያስፈልግም!» አሉ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረጉ። «አባቶቼ ሲበሉ ያወሩ ነበር። እንዲያውም ይጣሉ ነበር። ይህ ከእኛ አይደለም። ግን መልካም ነገር ነው፤ ልጆቹም ይዘውታል። አላስቀርም።»

«እህቴስ፣ አባ?» አለ አባዬ። ሲለምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የተጠየቅኩት ስለ እናቷ ነው። እናታችሁን አውቃታለሁ፤ ከእኛ መንደር በላይ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ጋን ገዝቼባታለሁ። ወንድሟ ምን እየሰማ እንደበላ የጠየቀኝ የለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ግን ይህን አንድ ቀን ጽፈሽ ታወጪዋለሽ። አሁን አይደለም። እሷ ስትገባ።»

ፈረሙ። እኔም እነሆ፣ ትንሽ ብዘገይም ቃላቸውን እየፈጸምኩ ነው።

አክስቴ እታገኝ በሁለተኛው ዓመት ከሦስት ልጆቿ ጋር ገባች። አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንገቷ ውስጥ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያየሁትን አልጽፍም፤ እሱም እንደ እኔ አፋር ነው። የመጀመሪያው ሰንበት ምሳ እኛ ቤት ሆነ። ሦስተኛው ፎቅ ሞላ። ራሔል መጣች፣ ዘነቡና ባሏ መጡ፣ ከገደራና ከያቭነ ዘመድ መጣ። እኔ አክስቴን እያየሁ በልቤ እላለሁ፤ ይህች ሴት እንድትገባ ስንት ዓመት አፋችንን ይዘን ኖርን። ስንት ጊዜ ዋሸሁ። ደግ አደረግኩ።

ምግቡ ቀረበ። ታናሽ ወንድሜ ራስጌ ቆመና የሳምንቱን የኦሪት ክፍል ማንበብ ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ወንድሜን አየች፤ አባዬን አየች፤ ፊቷ በሳቅ በራ።

«ውይ አንተ!» አለች፣ ጎንደር ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ይሄን የካቶሊኮቹን ነገር እዚህም ይዘኸው መጣህ?»

አባዬ እጁ ትሪው ላይ ቀረ። እናቴ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ወለሉ ተከፍቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንድወድቅ ጸለይኩ።

ዘነቡ ቀና እንኳ አላለችም። ጉርሻዋን እያዘጋጀች ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

«እትዬ እታገኝ፣ አዲስ ስለሆኑ ነው» አለች። «ሲነበብ አይወራም። የአባቶቻችን ልማድ ነው።»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች።